ጋዜጠኞችን ከጥቃት መጠበቅና የአጥቂዎች ተጠያቂነት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የጋዜጠኞች ደኅንነት በመንግሥታት ላይ ሁለት የማይነጣጠሉ ግዴታዎችን ይጥላል፤ አንደኛው አደጋ የተጋረጠበትን ሰው አስቀድሞ መጠበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥቃት በደረሰ ጊዜ ወንጀሉን መርምሮ ፈጻሚውንም አዛዡንም ለፍርድ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው በተጓደለ ቁጥር አንደኛው እየመነመነ ይሄዳል፤ ሳይቀጣ የቀረ ግድያ ለቀጣዩ ገዳይ ፈቃድ ይሆናልና። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከተመዘገቡት የጋዜጠኞች ግድያዎች 85 በመቶ ያህሉ እልባት አላገኙም።

የጄኔቫ ስምምነቶች የ1977ቱ አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 79 በጦርነት ቀጠና የሚሠሩ ጋዜጠኞች እንደ ሲቪል ሰዎች እንዲጠበቁ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ሙስናንና የተደራጀ ወንጀልን የሚመረምሩ ጋዜጠኞች ጦርነት በሌለበትም ስለሚገደሉ፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2012 ራሱን የቻለ የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቋል። ኮሎምቢያና ሜክሲኮም አደጋ ላይ ላሉ ጋዜጠኞች አጃቢ፣ ጥይት የማይበሳው መኪናና የአስቸኳይ ጥሪ መሣሪያ የሚያቀርብ አሠራር ዘርግተዋል፤ ዛቻው ከራሳቸው ከባለሥልጣናት በሚመጣበት ጊዜ ግን እንዲህ ያለው ጥበቃ አስተማማኝነቱን ያጣል።

የአገር ውስጥ ፍትሕ ሲከሽፍ አፍሪካ ሁለት መንገዶችን አሳይታለች። የመጀመሪያው አህጉራዊ ፍርድ ቤት ነው፤ የቡርኪና ፋሶው አዘጋጅ ኖርበር ዞንጎ የፕሬዚዳንቱን ወንድም ሾፌር አሟሟት ሲመረምር በ1998 ከተገደለ በኋላ ክሱ በአገሩ ቢዘጋም፣ መቀመጫውን አሩሻ ያደረገው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በ2014 መንግሥት ግድያውን በትጋት አለመመርመሩን በይኗል። ሁለተኛው፣ ከባድ ወንጀል የትም ቢፈጸም ሌላ አገር ሊዳኘው ይችላል የሚለው ዓለም አቀፍ የዳኝነት ሥልጣን ነው፤ በ2004 የተፈጸመውን የጋምቢያዊውን ጋዜጠኛ የደይዳ ሃይዳራን ግድያ ጨምሮ በበርካታ ወንጀሎች የተሳተፈ የአፋኝ ቡድን አባል በ2023 በጀርመን ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። የጋምቢያ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ለግድያው ተጠያቂ ያደረጋቸው የአገሪቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜህ ግን በ2017 ከሥልጣን ወርደው ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ተሰደዋል።

የአገር ውስጥ ፍርድ ቤትም ቢሆን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ኃያላንን ሊቀጣ ይችላል፤ ፊሊፒንስ በ2009 በማጊንዳናዎ 32 የመገናኛ ብዙኃን ሠራተኞችን ጨምሮ 58 ሰዎች ለተገደሉበት ጭፍጨፋ ዋና አቀናባሪዎቹን የቀጣችው ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ ፍርዱም የኃያል ቤተሰብ አባላት የሆኑት እነዚህ አቀናባሪዎች ከሕግ በላይ አለመሆናቸውን አስመስክሯል። ስለዚህ ነጻና ፈጣን ምርመራ፣ የምስክሮች ጥበቃ፣ እንዲሁም ሟቹ ሲሠራበት የነበረውን ዘገባ ከምርመራው መነሻ አንሥቶ እንደ መንስኤ መፈተሽ፣ ሕጉን ከተኳሹ አልፎ ወደ አዛዡ የሚያደርሱ የተጠያቂነት ምሰሶዎች ናቸው።