ተጨማሪ መረጃ፦ ከሩቢኮን እስከ ሰገሌ

ጁሊየስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ49 ዓመት የሩቢኮንን ወንዝ ተሻግሮ በገዛ አገሩ ላይ መዝመቱን በምዕራፉ አንብባችኋል። ሌጌዎኑ፣ ማለትም በሺዎች የሚቆጠሩ እግረኞች ያሉት የሮማ ክፍለ ጦር፣ ለምን ተከተለው? ከአገልግሎት በኋላ የሚኖርበትን መሬት የሚጠብቀው ከመንግሥት ሳይሆን ከአዛዡ ስለነበር ነው።

ይህን ለመረዳት ከአካባቢያችሁ ከደነባ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ጥቅምት 17 ግን ሰገሌ ላይ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና በራስ ተፈሪ ጦር ድል ሆነው ተማረኩ። በአዲስ አበባው የድል ሰልፍም በሰንሰለት ታስረው አለፉ፤ ቄሣርም የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ሕዝብ መሪ የነበረውን ቬርሲንጌቶሪክስን በሮማ አደባባይ እንዲሁ አሳልፎታል። «ሮማ ሪፐብሊክ፣ ኢትዮጵያ ዘውዳዊት፤ ምን ያገናኛቸዋል?» ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል የዘመቱት ለልጃቸው ዙፋን እንጂ ሥርዓቱን ሊለውጡ አልነበረም። ሆኖም በሁለቱም አገር ወታደሩ በቅድሚያ የሚታዘዘው ለሚያበላው፣ ለሚሾመውና ለሚሸልመው ጌታ ነበር፤ ሥልጣን በጦር ሜዳ ይወሰን የነበረውም በዋናነት ከዚህ የተነሣ ነው። እስቲ የአካባቢያችሁን አዛውንቶች ጠይቁ፦ ቅድመ አያቶቻቸው በማን ሥር ዘመቱ? ስንቃቸውንስ ማን ቻለ?