ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ጥርስ ምን ይነግረናል?

የአጥቢ እንስሳት ቀደምት ዘመዶች ከዳይኖሰሮች ጋር በአንድ ዘመን ይኖሩ እንደነበር ይታወቃል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አይጥ የሚያክሉ ወይም ከዚያም ያነሱ ስለነበሩ ስስ አጥንቶቻቸው ተሰባብረው ጠፍተዋል። ዘመናትን ተሻግሮ የደረሰን በአብዛኛው ጥርሳቸው ነው። ምክንያቱም የጥርስ ሽፋን የሆነው ኢናሜል ከክብደቱ 95 በመቶ ያህሉ ማዕድን በመሆኑ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥርስ የባለቤቱን ማንነት እንዴት እንደሚመሰክርና ምስክርነቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሦስት ጥያቄዎች

ለማነጻጸር ያህል አዞን እንውሰድ። የአዞ ጥርሶች በቅርጻቸው ተመሳሳይና ሾጣጣ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ ሥር ብቻ አላቸው፤ ሲወልቁም በዕድሜው ሙሉ በሌላ ይተካሉ። በዚህ የተነሣ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በትክክል ተገጣጥመው ለረጅም ጊዜ አይቆዩም። አጥቢ እንስሳት ግን በአብዛኛው የወተት ጥርስ ካወለቁ በኋላ የሚያበቅሉት ቋሚ ጥርስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የላይኛውና የታችኛው የመንጋጋ ጥርሶች እርስ በርስ እየተፋተጉ ስለሚኖሩም ሁልጊዜ በተወሰነ ቦታ ላይ የተሞረደ ለስላሳ ገጽ ይፈጠራል።

ስለዚህ ተመራማሪው አንዲት ጥርስ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ሥሮቿ ስንት ናቸው? ጉብታዎቿ የተደረደሩት እንዴት ነው? የተሞረደውስ ገጽ የት ላይ ይገኛል?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሞርጋኑኮዶን ነው። ጀርመናዊው ቫልተር ኩነ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን ስም ያወጣለት በደቡብ ዌልስ፣ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በተገኘች ጥርስ ላይ ተመሥርቶ ነበር። የመንጋጋ ጥርሶቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ዋና ጉብታዎችና ሁለት ሥሮች አሏቸው። ኋላ የተገኙት የመንጋጋ አጥንቶችና የራስ ቅሎች እንዳሳዩት፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ይህ እንስሳ አዲሱን የአጥቢዎች የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከጥንቱ የገበሎ አስተኔዎች መገጣጠሚያ ጋር ጎን ለጎን ይዞ ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ሳይንቲስቶች የአጥቢዎች የቅርብ ዘመድ እንጂ አጥቢ አይሉትም። በእነርሱ አገላለጽ አጥቢ የሚባለው፣ ዛሬ በሕይወት ያሉት ፕላቲፐስ፣ ካንጋሩና ሰው ከሚጋሩት የመጨረሻ ቅድመ አያት የወረደ ሁሉ ነው።

ጥርስ ብቻውን የማይፈታው እንቆቅልሽ

ጥርስ የባለቤቱን ዘር ብቻ ሳይሆን አመጋገቡንም ስለሚያንጸባርቅ፣ ዝምድና የሌላቸው እንስሳት ተመሳሳይ ምግብ ሲመገቡ ጥርሳቸውም ሊመሳሰል ይችላል። ሃራሚዪድ የተባሉት ጥንታውያን እንስሳት ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል። ጥርሶቻቸው ከጀርመን እ.ኤ.አ. በ1847 ከታወቁ በኋላ ሳይንስ ከመቶ ዓመት በላይ የሚያውቃቸው በተናጠል በተገኙ ጥርሶች ብቻ ነበር። በእነዚህ ጥርሶች ላይ በመካከላቸው ሸለቆ ያለባቸው ሁለት የጉብታ ረድፎች ይታያሉ፤ ይህም መልቲቱበርኩላታ የተባሉትን የጠፉ አጥቢዎች ጥርስ ይመስላል። ታዲያ መመሳሰሉ የዝምድና ነው ወይስ የአመጋገብ?

እ.ኤ.አ. በ1997 መንጋጋውን ይዞ የተገኘ የግሪንላንድ ቅሪተ አካል ይፋ ቢደረግም ክርክሩ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ሁለት የቻይና ቅሪተ አካላት ኔቸር በተባለው መጽሔት በአንድ እትም የወጡ ሁለት ጥናቶች ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። አንደኛው ሃራሚዪዶችን ከአጥቢዎች ወገን ሲመድባቸው ሌላኛው ከአጥቢዎች ውጭ አደረጋቸው። ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አጥቢ ናቸው ከተባለ የአጥቢዎች መነሻ ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ወደነበረው የትራያሲክ ዘመን ይሄዳል፤ አይደሉም ከተባለ ግን በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ዘግይቶ ወደ ጁራሲክ ሊወርድ ይችላል።

በእኛም ምድር

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ደጋማው ክፍል ከሚገኘው የሙገር ጭቃ ድንጋይ የተገኘ፣ የጁራሲክ ዘመን ማብቂያ አካባቢ የነበረ የአጥቢ ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ2007 ለኅትመት በቅቷል። በኢትዮጵያ የጁራሲክ አጥቢ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው ነው። አጥኚዎቹ የመደቡት ፔራሙራ ከተባለው ወገን ሲሆን፣ በጥናቱ ርዕስ ላይ ከስሙ ፊት የጥያቄ ምልክት አኑረውበታል።

ይህ ምልክት እንደ ጉድለት ሊታይ አይገባም፤ ማስረጃው እስከ የት እንደሚያስኬድ በሐቅ ያሳያልና። ምልክቱን ሊያነሣ የሚችለው ተጨማሪ ጥርስ፣ በተለይም ጥርሶቹን እንደያዘ የሚገኝ የመንጋጋ አጥንት ነው። እንዲህ ያለው ቅሪት ደግሞ በብዙው የሚገኘው ደለሉን በውኃ ዘፍዝፎ፣ በደቃቅ ወንፊት አጥቦ፣ የቀረውንም ምስር በሚለቀምበት ትዕግሥት አንድ በአንድ በመልቀም ነው። የሙገርም ድንጋይ ይህን ትዕግሥት ይጠብቃል።