በኮቦል ፕሮግራም የተለዋዋጮች መነሻ ዋጋ አመራረጥ

ነጋዴ አዲስ ሂሳብ ሲከፍት ካለፈው የተላለፈ ገንዘብ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ይመረምራል። ኮምፒዩተር ግን ይህን በራሱ አያደርግም፤ የተለዋዋጩ መነሻ ካልተነገረው በሜሞሪው ውስጥ የተገኘውን ማንኛውንም ትራፊ እንደ እውነተኛ ቍጥር ሊቀበለው ይችላል።

ኮቦል በ1959 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለንግድና ለአስተዳደር ሥራ መዘጋጀት የተጀመረ ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ ወርኪንግ ስቶሬጅ በሚባለው ክፍል ለያንዳንዱ ተለዋዋጭ «ቫልዩ» በሚለው ቃል መነሻ ሊሰጠው ይቻላል።

መነሻው ሲበላሽ ሁለት ዐይነት ጥፋት ይደርሳል። የመጀመሪያው በግልጥ የሚታይ ነው። በአይ.ቢ.ኤም. ትልልቅ መኪኖች የታሸገ ቍጥር በያንዳንዱ ባይት ሁለት አሐዝ ይይዛል፤ የመጨረሻው ግማሽ ባይት ግን የምልክት ቦታ ነው። መላው መዝገብ በባዶ ቦታ ቢሞላ በምልክቱ ስፍራ ዜሮ ይገባል፤ ዜሮም ምልክት አይደለምና ስሌቱ ሲሞከር ሥራው «ኤስ0ሲ7» በሚባለው ስሕተት ይቋረጣል።

ሁለተኛው ጥፋት ድምፅ የለውም፤ ስለዚህም ይከፋል። የአንድ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ድምር 40 ብር ሆኖ ዜሮ ሳይደረግ ቢታለፍ፥ 25 ብር የሚገባው ተከታዩ ሠራተኛ 65 ብር ይጻፍለታል። ቫልዩ መነሻውን የሚሰጠው ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ብቻ ነውና፥ ድምሩን በያንዳንዱ ሠራተኛ መጀመሪያ ላይ በትእዛዝ ዜሮ ማድረግ ያስፈልጋል። በሌላ ፕሮግራም የሚጠራ ንኡስ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ በተለይ ካልታዘዘ በቀር በሁለተኛው ጥሪ ወርኪንግ ስቶሬጁን እንደ ተወው ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ ዜሮ ለሁሉ አይስማማም። ለድምርና ለቈጠራ ዜሮ፥ ለብዜት ደግሞ አንድ ተገቢ ነው። ከ45፥ ከ30ና ከ62 ብር ዝቅተኛውን ዋጋ ለመፈለግ ከዜሮ ብንነሣ፥ ከዜሮ የሚያንስ አይገኝምና መልሱ ማንም ያልሸጠበት ዜሮ ይሆናል። ሁሉም ባለ ዕዳ በሆነበት መዝገብም ከፍተኛውን ሂሳብ ስንፈልግ ዜሮ እንዲሁ ያሳስተናል። በሁለቱም ረገድ የመጀመሪያውን መዝገብ ዋጋ መነሻ ማድረግ ይበልጣል።

በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው ደረጃ የገባው «ኢኒሻላይዝ» የተባለው ትእዛዝ ቍጥሩን ዜሮ፥ ፊደሉን ባዶ አድርጎ እንደየዐይነቱ ያሰናዳል፤ ስለዚህ መላውን መዝገብ በባዶ ቦታ ከመሙላት ይሻላል። ሆኖም ምርጫውን ከጸሓፊው ላይ አያነሣለትም። ስለዚህ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ስለ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ከምን ይነሣል? መቼስ ይታደሳል? የሁለቱም መልስ በጽሑፉ ላይ ካልታየ የሰው ደመወዝ ገና አልተጠበቀም።