በግሉ የሚሠራው የንድፍ ባለሙያና ነጋዴው

በአሰላና በአርሲ ደጋ የሚገኙ የንግድ ቤቶች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ ዓይነት ባለሙያ በራቸውን ሲያንኳኳ ያያሉ። ይህ ባለሙያ የንግድ ምልክት ይነድፋል፤ የመጠቅለያና የጆንያ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ድረ ገጽም ይሠራና ፕሮግራሙን ራሱ ጽፎ ያንቀሳቅሰዋል። ቀድሞ በማተሚያ ቤት ወይም በአንድ የኮምፒዩተር ድርጅት በወር ደመወዝ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ቢሮውን ትቶ በግሉ ቆሟል። በከተማ አነጋገር ፍሪላንሰር ይሉታል። ነጋዴው ስለ እርሱ ሲናገር የሚሰማው ቃል ሁለት ነው፤ አንደኛው «ዋጋው ተወደደ»፣ ሁለተኛው «ቀብድ ተቀብሎ ጠፋ» የሚል ነው። ባለሙያው ደግሞ በበኩሉ «ሠርቼ ቀሪው አልተከፈለኝም» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ሳይሆን፣ ይህ ሰው ምን እንደሚሸጥና ከእርሱስ እንዴት እንደሚገዛ ማስረዳት ነው።

መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ፣ ከደመወዝ ይልቅ በውል መሥራትን የመረጠ የንድፍ ሰው በአገራችን ከሰባ ዓመት በፊትም ነበር። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1932 በአንኮበር ተወለዱ። በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ እንዲያጠኑ የታሰበላቸው የማዕድን ምሕንድስና ነበር። ነገር ግን የሥዕል ዝንባሌያቸው ስለ በረታ በለንደን ሴንትራል በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ገብተው ሥዕልን ከቅርጻ ቅርጽና ከሕንጻ ንድፍ ጋር ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የመንግሥት ሥራ ሳይዙ በየጠቅላይ ግዛቱ እየተዘዋወሩ የሕዝቡን አኗኗርና ልማድ ተመለከቱ፤ በ1954ም በአዲስ አበባ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን አቀረቡ።

ለነጋዴ ዐይን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። ከትርኢቱ ያገኙትን ገንዘብ መልሰው በሙያቸው ላይ አዋሉት። ወደ አውሮፓ ሄደው ሁለት ዓመት ያህል ሲቆዩ የባለቀለም መስታወት ሥራ ተማሩ፤ በዚያም በየቤተ መጻሕፍቱ የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች እየገለጡ መረመሩ። በሌላ አነጋገር በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሸመቱ፤ አንደኛው ከውጭ የመጣ የአሠራር ጥበብ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከገዛ አገራቸው የወጣ መነሻ ነው። በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየውና 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥራቸው የዚህ ሸመታ ውጤት ነው ብንል አልተሳሳትንም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ ቀለምን ከቀለም የሚለየው ወፍራም ጥቁር መሥመር፣ በባለቀለም መስታወት ሥራ ላይ ቁራጮቹን አያይዞ የሚይዘው የእርሳስ ማሰሪያ ተፈጥሯዊ ወንድም ነው፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ይህን አይስተውም።

እኚህ ሰው ትልልቅ ሥራዎችን ብቻ በመጠበቅ አልተቀመጡም። የፖስታ ቴምብር፣ የማስታወቂያ ሥዕል፣ የመጫወቻ ካርታ፣ የክብረ በዓል ልብስ ሳይቀር ነድፈዋል። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2012 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም በሙያቸው ኖሩ። ቴምብር የነደፈ እጅ የጭኮ ማሸጊያ ለመንደፍ የሚያፍርበት ምክንያት ስለሌለ፣ ይህን ያነሣሁት «የእኛ ሥራ ለሠዓሊ አይመጥንም» የሚሉ ባለሱቆች ስላሉ ነው።

አሁን ወደ አርሲ እንመለስ። ከአዳማ እስከ አሰላ፣ ከአሰላም እስከ በቆጂ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰቀሉትን የንግድ ቤት ሰሌዳዎች የተመለከተ ሰው፣ ከሚያያቸው ምልክቶች ብዙዎቹ ወይ ሯጭ ወይ ጀበና መሆናቸውን ያስተውላል። ሯጩ ተገቢ ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን አሰላ፣ ደራርቱ ቱሉን በቆጂ አፍርተዋልና፤ ይሁን እንጂ ሯጭ የመኪና መለዋወጫም፣ የጨርቃ ጨርቅም፣ የምግብ ቤትም ምልክት ሲሆን ማንንም ከማንም አይለይም። የጀበናው ነገር ይበልጥ ያስገርማል፤ የዚህ ደጋ ሀብት በመጀመሪያ ገብስና ስንዴ ነውና። በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተነሣው በዚሁ በእህሉ ምድር ነው፤ የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ የሚደክመው ለስንዴው ነው፤ በአሰላ የብቅል ፋብሪካ የተተከለውም ለገብሱ ነው።

ጥሩ የንድፍ ባለሙያ ከቢሮ ወጥቶ በግሉ ሲሠራ የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ይህን የማየት ጊዜ ነው። ሙሽራይቱ ከእናቷ የምትቀበለው፣ የሴቲቱ መብትና ክብር ምልክት የሆነው ሲንቄ፣ ቀጥ ያለና ንጹሕ ቅርጽ ነው። በየበዓሉ የሚታየው የፈረስ ዕቃ፣ ተሰፍቶ የሚጌጠው የወተት ዕቃ፣ የጭላሎ ተራራ ጀርባ፣ በመስከረም ሜዳውን የሚሸፍነው አደይ አበባ፣ እነዚህ ሁሉ ገና ያልተነኩ መዝገቦች ናቸው። እርግጥ እንደ ሲንቄ ያለውን የተከበረ ነገር በሳሙና ካርቶን ላይ መለጠፍ ደንበኛን ሊያስከፋ ይችላልና፣ ባለሙያው ምን እንደሚያነሣ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚተውም ማወቅ አለበት። ነጋዴው ገንዘብ የሚከፍለው ለዚህ ማስተዋል ነው እንጂ በኮምፒዩተር ፊት ለሚቀመጥበት ሰዓት ብቻ አይደለም።

በእኛ አገር የሚሠራ ባለሙያ ከሌላው የሚለይበት አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት፤ ይኸውም የሁለት ጽሕፈት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል እየተጻፈ በመሆኑ፣ የአንድ ሱቅ ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ጎን ለጎን መስፈር አለበት። በቁቤ ረጅም ድምፅ ሲጻፍ ፊደሉ ይደገማል፤ የሚጠብቀውም እንዲሁ። ስለዚህ በእኛ ፊደል ሦስት ሆሄ ብቻ የሚፈጀው «አሰላ» በቁቤ ሲጻፍ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። በአንጻሩ የግዕዝ ፊደል ትንሽና ትልቅ የሚባል ስለሌለው፣ የአንዱ ሆሄ ስፋትም ከሌላው ስለሚለያይ፣ በላቲኑ ልክ የተዘረጋ ሰሌዳ አማርኛውን ወይ ያጨናንቀዋል ወይ ባዶ ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ሁለቱ እኩል ክብር እንዲያገኙ ማድረግ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ጉዳይ አለ። ቀድሞ የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ እያንዳንዱ የፕሮግራም ሠሪ ለሆሄያት የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በዚህም ምክንያት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቋሚ ቁጥር ተመደበለት። ዛሬም ግን በአሮጌው አሠራር የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በወረቀት ላይ አምሮ ይታያል፤ በድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ግን ደንበኛው ፈልጎ አያገኘውም፤ በስልኩም ቢከፍተው አያነበውም። ስለዚህ ነጋዴው ሥራውን ከመረከቡ በፊት «በዩኒኮድ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ በሁለት የተለያዩ ስልኮችም አስከፍቶ ማየት ይገባዋል።

ስለ ዋጋው ደግሞ ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሙያ በቢሮ ሳለ በወር 20,000 ብር ይከፈለው ነበር እንበል። የሥራ ቀኑ 22 ቢሆን የቀኑ ሒሳብ ከ909 ብር አይበልጥም። ነጋዴው በልቡ የያዘው ዋጋ ይህ ነው። በግሉ ሲሆን ግን የቤቱን ኪራይ፣ የመብራቱን፣ የኢንተርኔቱንና የኮምፒዩተሩን እርጅና ራሱ ይችላል፤ ይህ በወር 6,000 ብር ቢሆን የሚፈልገው ገቢ 26,000 ይሆናል። በሌላ በኩል 22ቱም ቀን ገንዘብ አያስገኝለትም። ደንበኛ ሲፈልግ፣ ዋጋ ሲያቀርብ፣ ሒሳብ ሊቀበል ሲመላለስ፣ መብራት ሲጠፋበት፣ ሲታመምም የሚያልፉት ቀኖች አሉ። 12 ቀን ብቻ የሚከፈልበት ሥራ ቢያገኝ የቀኑ ዋጋ ወደ 2,170 ብር ይወጣል፤ ይህም ግብሩ ሳይታሰብ ነው። አምስት ቀን የሚፈጅ የንግድ ምልክት ከ10,000 ብር ቢበልጥ ስለዚህ ዝርፊያ አይባልም። ባለሱቅም ቢሆን ዕቃ የሚሸጠው በየሰዓቱ ሳይሆን ኪራይ የሚከፍለው ግን ለወሩ ሁሉ መሆኑን ሲያስብ፣ ነገሩን ከማንም በላይ እርሱ ይረዳዋል።

ታዲያ ዋጋው ከታወቀ የሚቀረው ውሉ ነው፤ ጠቡም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው። እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት የተለመደው አሠራር ክፍያውን በሦስት መክፈል ነው፤ አንዱ ሥራው ሲጀመር፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ንድፍ ሲጸድቅ፣ ሦስተኛው ርክክብ ሲፈጸም ይከፈላል። እርማት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ይህ ካልሆነ ጋሼ ቀለሙን፣ እትዬ ፊደሉን፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ልጅ ደግሞ ሁሉንም እያስለወጡ ሥራው ማለቂያ ያጣል። በቤቱ በኩል ሐሳብ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን እመክራለሁ።

በርክክብ ጊዜ ነጋዴው የሚቀበለው የታተመውን ወረቀት ብቻ መሆን የለበትም። ንድፉ የተሠራበትን ዋና ፋይል፣ የቀለሞቹን ቁጥርና የፊደሉን ስም ጭምር መረከብ አለበት። ይህ ካልተደረገ ምልክቱን በጆንያ ላይ በትልቁ ለማሳተም በተፈለገ ጊዜ ከስልክ የተወሰደ ትንሽ ሥዕል ተለጥጦ ሲደበዝዝ ይታያል። የባለቤትነት መብቱ የማን እንደሚሆንም በውሉ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ስለ ቅጅ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስላለ ጉዳዩ የቃል ወሬ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ሥራውን ለሌሎች ደንበኞች እንደ ናሙና ለማሳየት ቢፈልግ ይህም ይጻፍለት፤ ነጋዴውን የሚጎዳው ነገር የለም።

የድረ ገጽ ስም ምዝገባ በነጋዴው በራሱ ስም መሆን እንዳለበት ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ የንግድ ቤት አድራሻውን ባለሙያው በራሱ ስም እንዲያስመዘግብለት ትቶ ነበር። ባለሙያው ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ የዓመቱ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ፤ ገጹም ተዘጋ። በማታለል የሆነ አልነበረም፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለመኖሩ ብቻ በቃ። የአገራችን አድራሻ የሆነው ነጥብ ኢቲ የሚተዳደረው በኢትዮ ቴሌኮም ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ፈቃዱን ይዞ ራሱ ሊያስፈጽም ይችላል።

ምልክቱ ራሱ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ይመዘገባል፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት ጸንቶ ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል። ስምና ምልክት ሀብት መሆኑን የሚጠራጠር ላኪ ቢኖር የቡናችንን ታሪክ ያስታውስ። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ጥያቄ ባቀረበች ጊዜ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት የተደረገው በ2007 ነው። ስማቸው ራሱ ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ማንም ስለ እነርሱ አይከራከርም ነበር።

ባለሙያው ወገንም የሚሰማው ነገር አለው። ቢሮውን የተወ ዕለት ሠዓሊነቱ አልቀረበትም፤ ነገር ግን ነጋዴ ሆኗል። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ደረሰኝ ካልሰጠ የደንበኛው ወጪ በግብር ጊዜ ተቀባይነት ያጣልና፣ ትልቅ አስመጪ ከእርሱ ጋር ለመሥራት አይደፍርም። ለቆረጠው ቀን ካልደረሰ አስቀድሞ ይናገር፤ ስልክ ዘግቶ መሰወር ለሙያው ሁሉ ስም አጥፊ ነው። የወር ደመወዙን ከመተዉም በፊት ቢያንስ ለጥቂት ወራት የሚበቃ ስንቅ መያዝና ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ ደንበኛ ማግኘት ይገባዋል። አፈወርቅ ተክሌም መጀመሪያ ትርኢት አቅርበው ገንዘብ ካገኙ በኋላ ነው ወደ ሁለተኛው ጉዞ የተነሡት።

የመጨረሻው ጉዳይ የጊዜ ነው። የገብስና የስንዴ ጆንያ የሚታተመው አዝመራው በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው እየተባለ ሥራው በኅዳር ሲታዘዝ፣ ባለሙያውም ማተሚያ ቤቱም ይጣደፋሉ፤ ዋጋውም ይጨምራል። ንድፉን በክረምት፣ ገበያው በሚቀዘቅዝበት በሐምሌና በነሐሴ ያዘዘ ነጋዴ ግን ባለሙያውን ሥራ ፈትቶ ያገኘዋል፤ በዋጋም ይስማማል፤ ናሙናውንም አይቶ ለማረም ሙሉ ሁለት ወር ይተርፈዋል።