ስለ ኮምፒውተር ማራገቢያ ጩኸት፥ ምክንያቱና መድኃኒቱ

ኮምፒውተር የሚባለው መሣሪያ ከታላላቅ ከተሞች አልፎ በዙሪያቸው ወዳሉት የመንደር ትምህርት ቤቶች ደርሶአል። የተማሪው ውጤት የሚመዘገበው፥ ደብዳቤ የሚጻፈው፥ የፈተና ወረቀትም የሚዘጋጀው በእርሱ ነው። በ2016 ዓመተ ምሕረት የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር ከተሰጠ ወዲህ ደግሞ፥ ጣቱን በመሣሪያው ላይ ያላለማመደ ልጅ ከለመደው ባልንጀራው ጋራ እኩል ሆኖ ለመፈተን እንደሚቸገር ግልጽ ሆኖአል። ስለዚህ በአንድ ትምህርት ቤት ካሉት ጥቂት ኮምፒውተሮች አንዱ የቆመ እንደ ሆነ፥ የሚጎድለው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የብዙ ልጆች የመማሪያ ተራ ነው።

ከኮምፒውተር ሕመሞች መካከል አስቀድሞ በጆሮ የሚታወቀው የማራገቢያው ጩኸት ነው። ይህን ጩኸት የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንዱ «እስኪቆም ድረስ ይሥራ» ብሎ ችላ ይለዋል፤ ሌላው «አርጅቶአል» ብሎ ወደ መጋዘን ይጥለዋል። ሁለቱም አይገባም። ጩኸቱ በሽታን የሚናገር ምልክት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ምልክቱን ለይቶ ያወቀ መምህር ብዙውን ጊዜ በአንድ ብሩሽና በአንድ ካቻቢቴ መድኃኒቱን ያገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ መለየት በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

1. ማራገቢያ ስለ ምን አስፈለገ

በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ፕሮሰሰር የሚባል፥ በስፋቱ ከክብሪት ቤት ብዙ የማይለይ ክፍል አለ። ዋናው የስሌት ሥራ የሚከናወነው በእርሱ ነው። የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች የሚገኘው ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት 65 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም አንድ የቀድሞ ባለ 60 ዋት አምፑል ከሚሰጠው ሙቀት አያንስም። እንዲህ ያለ አምፑል ሲበራ በእጅ እንደማይጨበጥ የሚያውቅ ሰው፥ ያ ሁሉ ሙቀት በትንሽ ሥፍራ ተሰብስቦ መውጫ ቢያጣ ምን እንደሚያደርስ በቀላሉ ያስተውላል።

በመጀመሪያው ዘመን ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1973 ዓመተ ምሕረት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1981፥ ባወጣው የግል ኮምፒውተር ላይ ፕሮሰሰሩ የራሱ ማራገቢያ አልነበረውም። የስሌቱ ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ግን ሙቀቱም አብሮ ጨመረ። በ1985 ዓመተ ምሕረት ፔንቲየም የተባለው ፕሮሰሰር ከወጣ ወዲህ በፕሮሰሰር ላይ ማራገቢያ ማኖር የተለመደ ሆነ።

ሙቀቱ የሚወጣው በሦስት ነገሮች ኅብረት ነው። የመጀመሪያው ከፕሮሰሰሩ በላይ የሚቀመጠው፥ ከአሉሚኒየም ወይም ከመዳብ የተሠራ ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ነው፤ ባለሙያዎች ሂት ሲንክ ይሉታል። ክንፎቹ የበዙበትን ምክንያት እህል የሚያሰጣ ገበሬ ያውቀዋል፤ ተከምሮ የቈየ እህል አይደርቅም፥ በሰሌን ላይ የተበተነ ግን አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል። ሙቀትም እንዲሁ በሰፊ ገጽ ላይ ሲበተን ቶሎ ይወጣል። ሁለተኛው በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል በስሱ የሚቀባው ፔስት ነው። ሁለት ብረቶች ምንም ቢለሰልሱ ዓይን የማያየው ጭረት አለባቸው፤ በጭረቱ ውስጥ የሚቀረው አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ፥ ፔስቱ ያንን ቀዳዳ ይደፍናል። ሦስተኛው በክንፎቹ መካከል አየር የሚነዳው ማራገቢያ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ፕሮሰሰሩ ይግላል። ሲግልም ማዘርቦርድ የሚባለው ዋናው ሰሌዳ ሙቀቱን ለክቶ ማራገቢያውን «ፈጥነህ ዙር» ብሎ ያዘዋል። እንግዲህ ማራገቢያው ሲጮኽ ብዙ ጊዜ የታዘዘውን መፈጸሙ ነውና፥ ጥፋቱን ከእርሱ በፊት በሁለቱ ባልንጀሮቹ ዘንድ መፈለግ ይገባል።

2. የፉሪ አየርና አቧራ

ምሳሌ እንዲሆነን ፉሪን እንውሰድ። ፉሪ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። በመስከረም 2009 ዓመተ ምሕረት የተመረቀው፥ አዲስ አበባን ከጅቡቲ ጋራ የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ፉሪ ለቡ ይባላል። ይህን መንገድ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባቡሩ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ፉሪ እስኪደርስ ድረስ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር አየር ይሳሳል። በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ ዙሪያ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ስለዚህ ነው። በፉሪ ከፍታ አንድ ጋን የሚሞላ አየር በባሕር ዳር ጋኑን ከሚሞላው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ቀሎ ይገኛል።

ሙቀትን ተሸክሞ የሚሄደው አየሩ ነውና፥ ሸክም የሚያነሣው ሲጎድል ሸክሙ ይቀራል። አንድ ዓይነት ማራገቢያ በጅቡቲና በፉሪ በእኩል ፍጥነት ቢዞር፥ የፉሪው የሚነዳው አየር በክብደቱ ያንሳል። ያንኑ ሥራ ለመሥራት ይበልጥ ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ፈጥኖ የሚዞር ማራገቢያ ደግሞ ይጮኻል። ዳሩ ግን የደጋው ብርድ ይህን ጉድለት በብዙ ይክሰዋል፤ ስለዚህ ንጹሕ የሆነ መሣሪያ በፉሪ ያለ ጩኸት ሊሠራ ይችላል። ብርዱ የማይክሰው ግን አቧራውን ነው።

ክረምቱ በመስከረም ካለፈ በኋላ መሬቱ ይደርቃል፤ ቤት በሚሠራበትና መንገዱ ባልተነጠፈበት መንደር ሁሉ መኪና ባለፈ ቍጥር አቧራ ይነሣል። በክፍል ውስጥም የጠመኔ ብናኝ አለ። ማራገቢያው አየር ሲስብ ይህንንም አብሮ ይስባል። ብናኙ በክንፎቹ መካከል እየተጋገረ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ማራገቢያው ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቍጥርም ሌላ አቧራ ይጨምራል። በዚህ ዓይነት ነገሩ ራሱን እያባሰ ይሄዳል።

3. ድምፁን ለይቶ ስለ ማወቅ

በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ከአንድ የሚበልጥ ማራገቢያ ይገኛል። አንዱ በፕሮሰሰሩ ላይ፥ ሌላው በኋላ በኩል ኤሌክትሪክ በሚቀበለው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ሌላ ይኖራል። የሚጮኸውን ለመለየት ወፍራም ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሎ፥ አንዱን ጫፍ ከጆሮ አድርጎ ሌላውን በተራ ወደ እያንዳንዱ ማቅረብ ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ግን ወረቀቱም ጣትም ክንፎቹን እንዳይነካ፥ ጸጉርና ነጠላም ወደ ውስጥ እንዳይንጠለጠል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ድምፁ ከሚከተሉት የትኛው እንደ ሆነ ይመረመራል።

አንደኛ፥ እንደ ነፋስ ያለማቋረጥ የሚሸሽ ድምፅ ከሆነ፥ ማራገቢያው ደኅና ነው፤ ሙቀት በዝቶበታል። ምክንያቱ አቧራ፥ የደረቀ ፔስት፥ ወይም ብሎኑ የላላ ሂት ሲንክ ነው። መሣሪያው ገና ሲበራ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ጮኾ ዝም የሚል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ልማዱ ነውና አያሳስብም።

ሁለተኛ፥ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ፥ ብዙ ጊዜ አንድ ሽቦ ክንፉን እየነካ ነው። ሽቦውን ሰብስቦ ማሰር ይበቃል።

ሦስተኛ፥ ሣጥኑ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፥ ብሎን ላልቶአል ወይም ጠረጴዛው አልተስተካከለም። ሣጥኑን በእጅ ጫን ሲሉት ድምፁ ዝም ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አራተኛ፥ እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ወይም የሚያንቋርር ድምፅ ከሆነ፥ የማራገቢያው ኩሽኔታ ደርቆአል ወይም ተበልቶአል። ይህ በጽዳት አይድንም።

አምስተኛ፥ ከማራገቢያ ሳይሆን መረጃ ከሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ የሚመጣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሆነ፥ ሌላውን ሁሉ ትቶ የተማሪዎቹን መዝገብ ወዲያው ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ይገባል፤ ሃርድ ዲስኩ ለመበላሸት ተቃርቦ ይሆናልና።

ከሁሉ የከፋው ግን ሲጮኽ የነበረ ማራገቢያ በድንገት ዝም ማለቱ ነው። «ተሻለው» ብሎ ደስ ከመሰኘት ይልቅ መዞሩን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ቆሞ እንደ ሆነ መሣሪያው ከመጠን በላይ ሲግል ሥራውን ያዘገያል፤ በመጨረሻም ራሱን ያጠፋል። ጩኸቱ አስቸገረን ብሎ የማራገቢያውን ሽቦ መንቀልም ይህንኑ ጥፋት በገዛ እጅ ማምጣት ነው።

4. ስለ ጽዳት

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ማጥፋትና ስፒናውን ከሶኬቱ መንቀል ነው። ከተነቀለ በኋላ የማብሪያውን ቍልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ የተረፈውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል። ከዚያ ሣጥኑን ወደ በረንዳ አውጥቶ የጎኑን ክዳን ብሎኖች መፍታት። ወደ ውስጥ ከመግባት አስቀድሞ የሣጥኑን ባዶ ብረት በእጅ መንካት ይገባል፤ በሰውነታችን የተጠራቀመ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስሱን ክፍል ሊያበላሽ ይችላልና።

ቀጥሎ የማራገቢያውን ክንፍ በአንድ ጣት ይዞ፥ በደረቅና ለስላሳ አዲስ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ከላይ ወደ ታች ማራገፍ ነው። ክንፉ የሚያዘው በነፋስ ኃይል ከልክ በላይ እንዳይዞርና ኩሽኔታው እንዳይጎዳ ነው። በክንፎቹ መካከል የተጋገረውን በእጅ ወናፍ እየነፉ ማውጣት ይቻላል። በአፍ እፍ ማለት ግን ምራቅ ስለሚረጭ አይገባም፤ እርጥብ ጨርቅም እንዲሁ። የመኪና ጎማ በሚነፋበት መሣሪያ ማስነፋትም አደገኛ ነው፤ ከአየሩ ጋራ ውሃ ይወጣል፥ ኃይሉም ይበረታል።

ፓወር ሰፕላይን ፈጽሞ መክፈት አይገባም። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ሊቈይ ይችላል። ጩኸቱ ከእርሱ ከሆነ ለባለሙያ መስጠት ነው።

5. ፔስት ስለ መለወጥ

ከጽዳቱ በኋላ ጩኸቱ ካልቀነሰ፥ መሣሪያውም ብዙ ዓመት ያገለገለ ከሆነ፥ ፔስቱ እንደ ጭቃ ደርቆ ይሆናል። ይህን ለመለወጥ አስቀድሞ መሣሪያውን ጥቂት ደቂቃ አብርቶ ማሞቅ፥ ከዚያም አጥፍቶና ስፒናውን ነቅሎ ሂት ሲንኩን መፍታት ነው። ሲነሣም ወዲያና ወዲህ በዝግታ ማዞር እንጂ በኃይል መሳብ አይገባም፤ ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ ሊነቀል ይችላል። አሮጌው ፔስት በንጹሕ ጨርቅና በመድኃኒት ቤት አልኮል ከሁለቱም ገጽ ይጠረጋል። አረቄ ውሃና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አዲሱ ፔስት ከአንድ የአተር ፍሬ ሳይበልጥ በመካከሉ ይደረጋል፤ ሂት ሲንኩ ሲጫነው ራሱ ይሰፋል። ብዙ ማድረግ አይጠቅምም፤ ወፍራም ፔስት ራሱ ለሙቀቱ እንቅፋት ይሆናል። ብሎኖቹም አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሳይሆን፥ በማዕዘን ትይዩ ያሉትን በተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ ነው የሚታሰሩት። የማራገቢያውን ሽቦ ሳይሰኩ ኮምፒውተሩን ማብራት አይገባም።

6. ማራገቢያ ስለ መለወጥ

ኩሽኔታው የደረቀ ማራገቢያ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ቢደረግለት ለጥቂት ጊዜ ዝም ሊል ይችላል። ይህ ግን አዲሱ እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው። የምግብ ዘይት እየቈየ ስለሚሞጫሞጭ አይደረግም። አዲስ ለመግዛት የሚሄድ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ፤ መጠኑ፥ ማለት 80፥ 92 ወይም 120 ሚሊ ሜትር መሆኑ፥ በላዩ የተጻፈው 12 ቮልትና የሽቦው ቍጥር 3 ወይም 4 መሆኑ መስማማት አለበት።

7. ስለ ጥበቃ

ከጥገና ጥበቃ ይቀድማል። ኮምፒውተሩ ከወለል ከፍ ብሎ፥ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ፥ ከጥቁር ሰሌዳውም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ከአቧራ የሚከልለው ጨርቅ መሣሪያው ሲጠፋ ይልበስ፤ ሳይነሣ ማብራት ግን ማፈን ነው። ክፍሉ ከመጠረጉ በፊት ወለሉ ውሃ ይርከፍከፍበት። ጽዳቱም በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በጥርና በሰኔ መግቢያ፥ ቢደረግ ለፉሪና ለመሰል ሥፍራዎች ተስማሚ ነው።

መምህሩ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ገጽ በደብተር ይመድብ፤ በዚያም የተጸዳበትን ቀን፥ የተሰማውን ድምፅና የተደረገለትን ነገር ይጻፍ። መምህር ቢዛወር ደብተሩ ለተተኪው ይነግረዋል። የመንደሩ ሽማግሎችና የወላጆች ተጠሪዎች ደግሞ ለብሩሽ፥ ለፔስትና ለማራገቢያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ቢያሳስቡ ታላቅ ወጪ ያድናሉ፤ የአንድ ማራገቢያ ዋጋ ከአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ጋራ የሚወዳደር አይደለምና። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ መሣሪያም የሚሠራ ምክር ነው።