ያሸነፈች አገር ቅሬታ

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ብዙዎቻችን የተማርነው አጭር ታሪክ አለ፦ የቬርሳይ ውል ጀርመንን አዋረዳት፣ ውርደቱም ሂትለርን ወለደ። ከእውነት የራቀ አይደለም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ሳይፈታ ይቀራል። የመጀመሪያው ፋሺስት መንግሥት የቆመው በተሸነፈችው ጀርመን ሳይሆን ከአሸናፊዎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ በተቀመጠችው ጣሊያን ነው። ይህን ምዕራፍ ከሮም የምጀምረው ለዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጦርነቱ በ1914 ሲፈነዳ ጣሊያን ከጀርመንና ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ጋር የትብብር ውል ነበራት። ሆኖም ገለልተኛ ነኝ ብላ ቆየች፤ ሁለቱም ወገኖች ሲያባብሏት ከረሙ። በመጨረሻ ኤፕሪል 26 ቀን 1915 ለንደን ላይ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጋር በምስጢር ተፈራረመች። ትሬንቲኖ፣ ደቡብ ቲሮል፣ ትሪዬስቴ፣ ኢስትሪያና የዳልማሺያ ሰሜናዊ ክፍል ቃል ተገቡላት። እኛ ግን ከሁሉ በላይ 13ኛውን አንቀጽ ልናስተውል ይገባል። ብሪታንያና ፈረንሳይ የጀርመንን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ወስደው ከሰፉ፣ ጣሊያን በኤርትራ፣ በሶማሊያና በሊቢያ ወሰኖች በኩል ተገቢ ካሳ ታገኛለች ይላል። በኤርትራና በሶማሊያ መካከል የማን አገር እንዳለ ለማወቅ ካርታ መግለጥ ይበቃል። ኢትዮጵያን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ጦርነቱ ወደ 600,000 የሚጠጉ የጣሊያን ወታደሮችን ፈጀ። በ1919 የፓሪሱ ጉባኤ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦርላንዶ የለንደኑን ውል ይዞ ቀረበ፤ በውሉ ያልነበረችውን የፊዩሜን ወደብም ጨምሮ ጠየቀ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን በምስጢር ውል አልታሰርም አለ፤ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ስላቮች የሆኑባት ዳልማሺያም ለጣሊያን አትሰጥም ብሎ ጸና። ኦርላንዶ በኤፕሪል ጉባኤውን ረግጦ ወጣ፤ ማንም ስላልለመነው በሜይ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የጀርመን የአፍሪካ ግዛቶች ሲደለደሉ ለጣሊያን አንድም አልደረሳት።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ጣሊያን ትሬንቲኖንና ደቡብ ቲሮልን፣ ትሪዬስቴንና ኢስትሪያን አግኝታለች፤ የኖረች ባላንጣዋ ኦስትሪያ-ሃንጋሪም ከካርታ ጠፍታለች። ያገኘችው ካጣችው ይበልጣል። ሕዝቡ የሰማው ግን ሌላ ነበር፤ ገጣሚው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮና መሰሎቹ ድሉ በወዳጆች እጅ እንደተዘረፈ ሰበኩ። ዳኑንዚዮ በሴፕቴምበር 1919 አመፀኛ ወታደሮችን አስከትሎ ፊዩሜን ያዘ። መንግሥት እሱን ለማስወጣት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት። ቤኒቶ ሙሶሊኒ ይህን ሁሉ በጥሞና ይመለከት ነበር። ከሰገነት ላይ መናገርንና እጅ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠትን ከዚያ ወሰደ፤ የመንግሥትን አቅመ ቢስነትም ከዚያ ተረዳ።

ያም ሆኖ ቅሬታ ብቻውን አምባገነን አያነግሥም። የሙሶሊኒ ንቅናቄ ማርች 23 ቀን 1919 ሚላን ላይ ተመሥርቶ በኖቬምበሩ ምርጫ አንድም መቀመጫ አላገኘም። ያነሱት ሌሎች ናቸው። በ1920 ሠራተኞች ፋብሪካዎችን ሲይዙ የደነገጡ ባለሀብቶችና በፖ ሸለቆ ያሉ ባለመሬቶች የንቅናቄውን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በገንዘብ ደገፉ። ፖሊስ አይቶ እንዳላየ አለፈ። አንጋፋው ፖለቲከኛ ጆሊቲ በ1921 ፋሺስቶቹን በራሱ የምርጫ ጥምረት ውስጥ አስገባ፤ 35 መቀመጫ ያዙ። በኦክቶበር 1922 ወደ ሮም ሲገሰግሱ ደግሞ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ጦሩ እንዲያስቆማቸው የቀረበለትን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልፈርምም አለ። ሙሶሊኒ ከሚላን በባቡር መጥቶ ሥልጣኑን ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። ሥልጣን ነጠቀ ሲባል ስሰማ የማልስማማው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ዓመት የሶሻሊስቱ ተወካይ ማቴዮቲ ተገደለ፤ በጃንዋሪ 1925 አምባገነንነቱ በይፋ ቆመ።

ጀርመንም ከዚህ ብዙ አትለይም። በቬርሳይ ውል የግዛቷን 13 በመቶ ገደማ አጥታለች፤ ጦሯ ከ100,000 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በ1921 የ132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ካሳ ተጭኖባታል። ነገር ግን ውሉ ከተፈረመ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ ናዚዎች ያገኙት ድምፅ 2.6 በመቶ ብቻ ነበር። በጁላይ 1932 ወደ 37 በመቶ የወጣው የዓለም ኢኮኖሚ ከወደቀና ሥራ አጡ ወደ ስድስት ሚሊዮን ከደረሰ በኋላ ነው። የጦር ካሳውም በዚያው ወር በሎዛን ጉባኤ በተግባር ቀርቶ ነበር። የውሉ እውነተኛ መርዝ ሌላ ቦታ ነው። በጦርነቱ የተሸነፉት ጄኔራሎች ዞር ብለው የእርቁን ብዕር ሲቪል ፖለቲከኞች እንዲይዙት አደረጉ። በኖቬምበር 1918 የተኩስ ማቆሙን የፈረመው ኤርዝበርገር በ1921 በጥይት ተገደለ፤ ጦሩን የመራው ሂንደንቡርግ ግን ፕሬዚዳንት ሆነ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለርን ቻንስለር አድርጎ የሾመውም እሱ ነው።

አሁን ወደ 13ኛው አንቀጽ እንመለስ፤ እዳው አልተረሳም። ብሪታንያ ድርሻዋን በ1925 ጁባላንድን በመስጠት ከፈለች። ፈረንሳይ እስከ ጃንዋሪ 1935 አዘገየች፤ በዚያ ወር ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ላቫል ሮም ድረስ ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተስማማ። በሊቢያ ደቡብ የበረሃ መሬት ሰጠ፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ምድር ባቡር ኩባንያም የተወሰነ አክሲዮን አስተላለፈ። ፈረንሳይ በኢትዮጵያ የነበራትን የኢኮኖሚ ጥቅም ለጣሊያን እንደምትለቅም አረጋገጠ። ሂትለርን ለመግታት የጣሊያንን ወዳጅነት ፈልጎ ነበር፤ ሙሶሊኒ ግን ኢትዮጵያን እንደፈለግህ አድርጋት እንደተባለ ቆጠረው።

ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጦሩ መረብን ተሻገረ። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ማኅበሩ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን አልከለከለም፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። ጦርነቱ እየተፋፋመ ሳለ፣ ማርች 7 ቀን 1936፣ ሂትለር ጦር እንዳይገባበት በውል ወደ ተከለከለው ራይንላንድ ወታደሮቹን አስገባ፤ ማንም አልተኮሰም። ማይጨው ላይ የተዋጋነው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ጁን 30 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ከተናገሩ በኋላ በጁላይ ማዕቀቡ ተነሣ። ላቫል በኢትዮጵያ ዋጋ የገዛው ወዳጅነት ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም፤ በኖቬምበር 1936 ሙሶሊኒ ሚላን ላይ ሮምና በርሊን አብረው እንደቆሙ ለሕዝብ አወጀ።