የኤሌክትሪክ ገመድ ገበያ፦ ከዋጋው በፊት ሚዛኑን

ቤት የሚያሠራ ሰው ለሴራሚክና ለበር እጀታ መርካቶን ግማሽ ቀን ይዞራል። ለኤሌክትሪክ ገመድ ግን ባለሙያው የጻፈለትን ብጣሽ ወረቀት ይዞ ሁለት ሱቅ ይጠይቅና ረከስ ካለበት ገዝቶ ይመለሳል። ሴራሚክ ይታያል፣ ገመድ ይቀበራል። የሚያወጣው ብር ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ የገዛው ነገር ከተለሰነ በኋላ ስህተቱን ለማረም ግድግዳ መፈልፈል የግድ ነው።

የገመድ ዋጋ በአብዛኛው የመዳብ ዋጋ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. አንድ ቶን መዳብ በለንደን የብረታ ብረት ገበያ ከ10 ሺሕ ዶላር በላይ ተሸጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያው ዶላር በብር ሲሰላ ከበደ። ጥሬ ዕቃው ሲወደድ ገመድን ርካሽ አድርጎ ለማቅረብ የቀረው መንገድ ሽቦውን ማቅጠን ወይም መዳቡን በአሉሚኒየም መተካት ነው። ላዩ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ቀለሙ ከእውነተኛው አይለይም፤ በቢላ ሲፋቅ ግን ውስጡ ነጭ ሆኖ ይገኛል።

ሸማቹ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም፤ ሚዛን ይበቃዋል። ለሶኬት የሚውለው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነጠላ ገመድ በ100 ሜትር ጥቅል ውስጥ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል መዳብ ሊኖረው ይገባል፤ ከነፕላስቲኩ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ጥቅሉ በሙሉ 2 ኪሎ እንኳ ካልደረሰ ወይ ቀጭን ነው፣ ወይ አጭር ነው፣ ወይ መዳብ አይደለም። ለመብራት የሚሆነው ባለ 1.5 ገመድም ከነልባሱ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ውፍረቱ ለምን ይህን ያህል ያከራክራል? ባለ 2.5 የሶኬት መስመር በተለምዶ በ16 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል። ይህ በ220 ቮልት ሲባዛ 3,520 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ መስመሩን ብቻውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ምጣድ ከቆጣሪው ሰሌዳ ቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። በዲቫይደር ላይ ከምድጃ ጋር ተጋርቶ የሚሰካ ዕቃ አይደለም። ብሬከሩ በተደጋጋሚ ሲወርድ በትልቅ ቁጥር መቀየርም የተለመደ «መፍትሔ» ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚቃጠለው ገመዱ ይሆናል።

ጥሩ ገመድ ገዝቶም በመገጣጠሚያው የሚከስር አለ። ሁለት ሽቦ በጣት ተጠማዞ በናስትሮ ሲጠቀለል ለጊዜው መብራት ይሰጣል። ናስትሮ ግን ሽቦውን ከንክኪ ይሸፍናል እንጂ አጥብቆ አይዝም። የላላ መገጣጠሚያ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢያስቸግር፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 25 ዋት ሙቀት አንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል። ይህ የሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ ያህል ነው፤ ብሬከሩም አያውቀውም፣ የሚያልፈው ኃይል ከልኩ አልበለጠምና።

ትክክለኛው አሠራር ብዙ ወጪ የለውም። ብሬከሩ ይጠፋል፣ ኃይል አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጣል። ልባሱ ሽቦውን ሳይቆርጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጣል፣ ጫፎቹ በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ ውስጥ ይገባሉ፣ እያንዳንዱም ተጎትቶ ይፈተሻል። ማገናኛው የሚቀመጠው ሊከፈት በሚችል መገናኛ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በቱቦ መሀል የተቀጠለ ሽቦን ማንም አያገኘውም። መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ አይጠማዘዙም፤ እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል።

ባለሙያው የሚከፈለው በሶኬትና በመብራት ቁጥር ከሆነ እያንዳንዷን ብሎን ለማጥበቅ የሚያወጣው ጊዜ ከኪሱ የሚወጣ ነው። ባለቤቱ ክፍያውን ለሁለት ከፍሎ የመጨረሻውን ሳጥኖቹ ሳይከደኑ ካያቸው በኋላ ቢሰጥ ይሻለዋል። በዚያው ቀን አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ ሶኬቱ ላይ መታሰሩን፣ ሌላው ጫፉም በእርግጥ መሬት ከተቀበረው ዘንግ ጋር መያያዙን ይጠይቅ። ለማሳመር ያህል ሶኬቱ ውስጥ ታጥፎ የቀረ የመሬት ሽቦ ብዙ ነው።

የተከራዩ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ገመዱን የገዛው ሌላ፣ አብሮት የሚያድረው ሌላ። እሱ ማየት የሚችለው ምልክቱን ብቻ ነው፤ ሲነካ የሚሞቅ ሶኬት፣ ዙሪያው ቡናማ የሆነ ክዳን፣ ምጣድ ሲበራ የሚደበዝዝ አምፖል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ከእነዚህ አንዱን ያየ ዕለት ያንን መስመር በብሬከር ዘግቶ፣ ሶኬቱን ሳይሆን መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ያስከፍት።